የግራው መስታወት

ክዋርቴንግ ሱቁ ውስጥ የኮምፒውተር ማራገቢያዎቹን አንድ በአንድ እየሰካ ሲያስነሳ፣ ላንቴ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና ራሱን ይነቀንቃል።

“ይሄም ይጮኻል።”

“ወንድሜ፣ ማራገቢያ እኮ ነው። ካልዞረ አያቀዘቅዝም፤ ከዞረ ደግሞ ይሰማል።”

“ዝም የሚል የለህም?”

“ዝም የሚለው የተበላሸው ነው። እሱን ከሆነ የምትፈልገው ጓሮ ሞልቷል፤ በነጻ ጫን።”

ኮርኮር ሳቀች። ላንቴ አልሳቀም። ድሮ ታላቅ እህቱ ስትስቅ አብሮ ይስቅ ነበር። አምና በግራ ዓይኑ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን በቡጢ ተላቆ ሐኪም መልሶ ከለጠፈለት ወዲህ ግን፣ ማንም ሰው ሲስቅ በእሱ የሳቀበት እየመሰለው ደሙ ይፈላል።

“የቡኮም ሰዎች ናችሁ መሰለኝ” አለ ክዋርቴንግ። “እገዳው ተጀመረ ማለት ነዋ።”

“ሰኞ ተጀመረ” አለች ኮርኮር።

የባሕላዊው እምነት ካህናት የዓመቱን እህል ዘርተዋል። ዘሩ ጸጥታ ይፈልጋል። ለአንድ ወር ያህል፣ ቡኮምን ጨምሮ የጋ ሕዝብ በሚኖርባቸው ሰፈሮች ሁሉ ከበሮ አይመታም፣ ድምፅ ማጉያ አይከፈትም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በእጁ አያጨበጭብም፤ ለቅሶ እንኳ በውስጥ ነው። ጎረምሶች ከካህናቱ ታዘው በየመንደሩ ይዞራሉ፤ የሚጮህ ነገር ካገኙ ነጥቀው ይሄዳሉ። የጂሙ ባለቤትና የላንቴ አሰልጣኝ የሆኑት አጎቱ አታ ኦካይ፣ የኮምፒውተሩን ወሬ ሲሰሙ ያሉት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፦ “ያ ሳጥንህ ከንብ የበለጠ ድምፅ ካሰማ፣ ከነሽቦው ባሕር ውስጥ ነው የምጥለው።”

ላንቴ ግን ኮምፒውተሩን ይፈልገዋል። እገዳውን ተከትሎ ከሚመጣው የሆሞዎ በዓል በኋላ ለአገር አቀፉ የቦክስ ቀበቶ ይጋጠማል፤ ውሉ ተፈርሟል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጭንቅላቱን ቡጢ እንዳይነካው ከአጎቱ ጋር ተባብለዋል። ታዲያ ቡጢ ሳይቀምስ ቡጢ መሸሽን በምን ይለማመድ? ዓይን ላይ የሚታሰረውን መነጽር ያየው አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው። መነጽሩን ያደረገ ሰው ራሱን ሪንግ ውስጥ ያገኘዋል፤ ከፊቱ ተጋጣሚ ቆሞ ይሰነዝርበታል። ቢመታው እንኳ አያመውም። ላንቴ ያን ቀን ቤቱ እስኪደርስ አላስቻለውም፤ መንገድ ላይ ደውሎ ለኮርኮር ነገራት። ኮርኮር ያጨሰችውን ዓሣ ሸጣ ያጠራቀመችውን ይዛ፣ አሁን ሰርክል በሚባለው ገበያ፣ ክዋርቴንግ ሱቅ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

“ስማኝ ቻምፒዮን” አለ ክዋርቴንግ። “ዋናው ማራገቢያው አይደለም፤ ምስሉን የሚሠራው ካርድ ነው። አንተ ራስህን ስታዞር ምስሉ እኩል ካልዞረ ታስመልሳለህ። ቡጢው ከተሰነዘረ በኋላ ከታየህማ ምኑን ተለማመድከው?”

“ዘግይቶ የሚታይ ቡጢ ምን እንደሚያደርግ አንተ አትነግረኝም” አለ ላንቴ።

ክዋርቴንግ ሁለት ካርድ አወጣ። አንዱ በዙሪያው ቀይና ሰማያዊ መብራት ይዞርበታል።

“ይሄኛው ያምራል” አለች ኮርኮር።

“የሠርግ ቤት አይደለም የምንከፍተው” አለ ላንቴ።

እሷ ግን ካርዱን አንስታ አሸተተችው።

“ማዳም፣ ዓሣ እኮ አይደለም።”

“የተቃጠለ ነገር ሽታው አንድ ነው። ይሄን ነገር ሌት ተቀን ያሠራው ሰው አለ።”

ክዋርቴንግ ካርዱን ቀስ ብሎ ተቀበላትና ወደ መደርደሪያው መለሰው። ሁለተኛውን አቀረበ፤ ወፍራምና ጥቁር፣ ሦስት ሰፋፊ ማራገቢያ ያለው። ኮርኮር እሱንም አሸተተችውና “ይሄስ ደህና ነው” አለች።

“ይሄ ጉልበተኛ ነው” አለ ክዋርቴንግ። “ግን ጉልበቱን ሲያወጣ ይጮኻል። ጉልበቱን ቀንሼ፣ ማራገቢያዎቹ ቀስ ብለው እንዲዞሩ ላደርግልህ እችላለሁ። ሳጥኑንም በስፖንጅ እለብጠዋለሁ። ያኔ ድምፁ ይጠፋል። ሙቀቱ ግን አይጠፋም። ከሞቀ ደግሞ ምስሉ ይንቀረፈፋል። ኋላ መጥተህ እንዳትጮህብኝ።”

“በዚህ ወር አልጮህም። ክልክል ነው።”

“ሰርክል ላይ ክልክል አይደለም” አለ ክዋርቴንግ፤ እንዳለውም ከውጭ የመኪናው ጥሩንባ፣ የሲም ካርድ ሻጩ ማጉያና የሰባኪው ድምፅ ተደበላልቆ ይገባ ነበር።

ላንቴ ኃይል የሚሰጠውን ክፍልም በጆሮው መረጠ። ሜሞሪውን “አይጮህም?” ብሎ ጠየቀ፤ ክዋርቴንግ “እሱስ እግዜር ይስጠው፣ አፍ የለውም” አለው። መነጽሩን አዲስ ወሰዱ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ። ሲወጡ ላንቴ ደስ ብሎት ነበር። ደስታው ግን ቁጣ ይመስል ነበርና፣ ትሮትሮ የሚሉት ሚኒባስ ረዳት ሂሳብ ሲቀበለው “ጌታዬ፣ ምን በደልኩህ?” አለው።

ኮምፒውተሩን የጂሙ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከሉት። የአታ ኦካይ ጂም ከጀርባው ባሕር የሚሰማ ግቢ ነው፤ መሃሉ ላይ ሸራው የተጣጣፈ ሪንግ አለ። በእገዳው ወር የዙር ደወሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሰቀላል፤ አታ ኦካይ ዙሩን የሚያስጀምሩት ፎጣ በማውለብለብ ነው። ልጆቹ ሲማቱ አይዘፈንላቸውም። ስድብ ሁሉ በሹክሹክታ ነው። በዚህ ወር ቡኮም ውስጥ የሚጣሉ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው የሚመካከሩ ይመስላሉ።

ማሽኑ ንብ ያህል እንኳ አልጮኸም። አታ ኦካይ ሳጥኑ ላይ ጆሯቸውን አሳርፈው ቆዩና “ይሁን” አሉ።

መጀመሪያ መነጽሩን ያሰረው ቴይኮ ነው፤ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ በክብደት ከሁሉም የሚያንስ ቦክሰኛ። ባዶ አየር ሲደበድብ ቆየና ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።

“ጣልኩት” አለ።

“ማንን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልተዋወቅንም።”

ላንቴ ተራው ደረሰ። መነጽሩን አሰረ። ሪንጉ መጣ፤ መብራቱ፣ ገመዱ፣ የሕዝቡ ጩኸት በጆሮው ብቻ። ተጋጣሚው ከማዕዘኑ ተነስቶ መጣ። ላንቴ እግሩን አስተካከለ። ከቀኝ የመጣውን አሳለፈው። ከመሃል የመጣውን ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። ከዚያ በግራ በኩል ከባዶ ጨለማ ቡጢ ወጣና መነጽሩ በቀይ በራ። ተመታ። እንደገና ጀመረ። እንደገና ከጨለማው ወጣ። ሦስተኛ፤ አራተኛ። ያ የማያመው ቡጢ እያንዳንዱ አመመው።

መነጽሩን አውልቆ ፍራሹ ላይ ወረወረው።

“ቀስ” አሉ አታ ኦካይ።

“ተበላሽቷል።”

“ምኑ?”

“በግራ በኩል ይጨልማል። ቡጢው ከጨለማ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ዘግይቶ ነው የሚታየኝ።”

“ለእኔ አልጨለመብኝም” አለ ቴይኮ።

“አንተ ድሮስ ቡጢ አይተህ ታውቃለህ? ቡጢ ነው አንተን የሚያይህ።”

አታ ኦካይ ላንቴን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩና የደወሉን ጨርቅ ማጥበቅ ጀመሩ። “ድዳ ዕቃ ገዝታችሁ ምን ጠበቃችሁ?” አሉ። “ትንፋሹን አፍናችሁ ሩጥ ትሉታላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው ቢሆን ሞቶ ነበር።”

ይህ ለሁሉም ገባቸው። በእገዳ ወር የተገዛ ዕቃ ነው፤ ዝምታው ጎድቶታል። ኮርኮር “ክዋርቴንግ ነግሮህ ነበር፤ ይሞቃል ብሎህ ነበር” አለችው። ሳጥኑን ስትዳስሰው እውነትም ይፋጃል። ላንቴ ጥርሱን ነክሶ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ሰርክል ሄደ።

ክዋርቴንግ ሲያየው “አልነገርኩህም?” አላለም፤ ብሎ ቢሆን ላንቴ ይቀለው ነበር። ስፖንጁን ነቅሎ ጣለ፣ ካርዱን ሙሉ ጉልበቱን መለሰለት፣ ሌላ ሁለት ማራገቢያ ጨመረ። አሁን ሲነሳ ዓውደ ርእይ ላይ እንደሚቆም ጄነሬተር አገሳ።

“ይሄ ይሠራል” አለ። “ካልሠራ እኔን ክዋርቴንግ አትበለኝ።”

ቡኮም ግን ሰርክል አይደለም። ማሽኑ እንደተነሳ ሳይቆይ ሁለት ጎረምሶች የግቢውን በር ገፍተው ገቡ።

“አታ፣ ምንድን ነው የሚያገሳው?” አለ አንደኛው በሹክሹክታ።

“ፍሪጅ ነው” አሉ አታ ኦካይ።

ጎረምሳው አንገቱን አስግጎ ወደ ዕቃ ቤቱ አየ። ቴይኮ መነጽር አስሮ አየሩን ይደበድባል።

“ፍሪጁን እየደበደበው ነው?”

“የበቆሎ ኬንኬውን በልቶበት ነው” አሉ አታ ኦካይ። ጎረምሶቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ ሳቅም ያው ድምፅ ነው። ወዲያው ልጆቹ በማሽኑ ዙሪያ አሮጌ ፍራሾች አቆሙና ድምፁ ረገበ።

ላንቴ መነጽሩን አሰረ። ምስሉ አሁን እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ራሱን ሲያዞር አብሮት ይዞራል። ተጋጣሚው መጣ። ቀኙን አሳለፈው። መሃሉን አሳለፈው። በግራ ያው ጨለማ ነው። ያው ቡጢ።

በዚህ ጊዜ አልወረወረውም። ቀስ ብሎ አወለቀና ከውስጥ ያሉትን ሁለቱን ክብ መስታወቶች በሸሚዙ ጠረገ፤ አንዱ ለቀኝ ዓይን፣ አንዱ ለግራ። የግራውን ደግሞ ጠረገው። ደግሞ ጠረገው።

“መስታወቱ ነው” አለ። “የግራው መስታወት የተበላሸበትን ነው የሸጠልኝ። አዲስ ነው ብሎ ያሸገ ሌባ።”

“ቴይኮ ያየዋል እኮ” አለች ኮርኮር።

“ቴይኮ፣ ቴይኮ! ቴይኮ ነው ለቀበቶ የሚጋጠመው?”

“ቀስ” አሉ አታ ኦካይ።

በማግሥቱ ላንቴና ኮርኮር ሰርክል ሲደርሱ ክዋርቴንግ ሱቁን ገና መክፈቱ ነበር። ላንቴ ሰላምታ አልሰጠም። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“የሸጥክልኝ ዕቃ ግራው ዕውር ነው።”

“ደህና አደርክ” አለ ክዋርቴንግ።

“ደህና አላደርኩም።”

ክዋርቴንግ መነጽሩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና አሰረው። ራሱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አዞረ። ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ግራውን ጨፈነ። አወለቀው።

“እኩል ነው። ምንም የለበትም።”

“ትዋሻለህ።”

“ወንድሜ፣ አንዴ ካርዱን አልክ፣ ቀየርኩልህ። ማራገቢያውን አልክ፣ ጨመርኩልህ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ፤ እኔ ዳዋ ሆኜ ልኑርልህ?”

ከጎን ሱቅ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። አንድ ቻርጀር ሻጭ “ምን ሆነ?” አለ፤ ሌላው “የቡኮም ቦክሰኛ ነው፣ አትጠጋ” አለው። ላንቴ ይህን ሲሰማ ባሰበት።

“ላሳይህ” አለ። “ሁላችሁም እዩ። የግራው መስታወት ከሆነ የተበላሸው፣ መነጽሩን ገልብጬ ብይዘው መስታወቱ ወደ ቀኝ ዓይኔ ይመጣል። ጨለማውም አብሮት ወደ ቀኝ ይመጣል። ያኔ ሌባው ማን እንደሆነ ይለያል።”

“ልክ ነው” አለ ክዋርቴንግ። “እስቲ ያዘው።”

ላንቴ መነጽሩን ገልብጦ በሁለት እጁ ፊቱ ላይ ለጠፈው። ሪንጉ ተዘቅዝቆ መጣ፤ ሕዝቡ ከላይ፣ መብራቱ ከታች። ወደ ቀኝ አየ። ብርሃን ነው፤ እስከ ጫፉ ድረስ ብርሃን። ወደ ግራ አየ።

ጨለማው ካለበት አልተነቃነቀም።

መነጽሩን ከፊቱ ሳያነሳ ቆየ። ባለፈው ወር በግራው በኩል የመጣ ጋሪ ሲገጨው ጋሪ ገፊውን በጥፊ ብሎታል። የኮርኮርን ድስት በክርኑ የደፋው “ማን እዚህ አስቀመጠው?” ብሎ ነው። ማታ ማታ በዚያ ጎን ብልጭ የሚለውን ነገር መብረቅ ብሎታል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ። ሁሉም ነገር አሁን ተዘቅዝቆ ፊቱ ላይ ተደረደረ።

“እ?” አለ ክዋርቴንግ። “ሄደ?”

“ሄደ” አለ ላንቴ።

“ጨለማው ወደ ቀኝ ሄደ?”

“ሄደ አልኩህ።”

ኮርኮር ተነሳች። ዓሣ ገበያ ያሳለፈችው ዕድሜ ሁሉ አብሯት ተነሳ። “ሰማህ? እኔ ልጅ አዝዬ እሳት ላይ ስከራተት ያገኘሁትን ነው እኮ የበላኸኝ። አሮጌ ሸጠህልን አዲስ ትላለህ፤ በእናትህ ዕድሜ አታፍርም? ያቺን የተቃጠለች ካርድህንም ልትሸጥልን ነበር፤ አፍንጫዬ አስጣለኝ እንጂ።”

ክዋርቴንግ ፊቱ ጠቆረ። ከመደርደሪያው ላይ ያልተከፈተ ካርቶን አውርዶ ላንቴ ፊት አስቀመጠ።

“ውሰድ” አለ። “ሌላ አዲስ ነው። ምንም አትጨምርም። ግን ጎረቤቶቼ ፊት ሌባ ብለኸኛልና አንድ ነገር አድርግልኝ። ጨለማው ሄዷል ብለህ በእናትህ መቃብር ማልልኝ።”

“ማልለት” አለች ኮርኮር። “ምን ቸገረህ? ማልለትና እንሂድ።”

የሁለቱም ሟች እናት ናት። ላንቴ ካርቶኑን አየው። ሰዎቹ ይጠብቃሉ። መማል ቀላል ነበር፤ አራት ቃል ነው። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው። ካርቶኑን በአንድ ጣቱ ወደ ክዋርቴንግ መልሶ ገፋው።

“አልምልም” አለና ወጣ።

ከኋላው የቻርጀር ሻጩ ሳቅ ተከተለው። “ምን ያለበት ዝላይ አይችልም” አለ አንዱ። ክዋርቴንግ ግን አልሳቀም፤ “ተዉት” ሲል ተሰማ። ላንቴን ከሳቁ ይልቅ ያቺ “ተዉት” አንገበገበችው።

ትሮትሮው ውስጥ ኮርኮር ያንኑ መነጽር ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች፤ በግራው።

“ቀኝ ዓይንህን ጨፍን” አለችው።

“ተይኝ።”

“ጨፍን አልኩህ። ስንት ጣት ነው?”

አልጨፈነም። እጇን አላየውም ነበርና ወደ ድምፅዋ ሲዞር ጣቷ አፍንጫው ጋ ደርሶ አገኘው። እጇን መታው።

“የት ነበር?” አለች። “እጄ የት ነበር፣ ላንቴ? ከጆሮህ ጀምሬ ነው ያመጣሁት።”

“ኮርኮር፣ ተይኝ ብያለሁ።”

“ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ፣ አይቶኛል፣ ድኗል ብሎኛል አላልከኝም?”

“ብያለሁ።”

“ሄደሃል?”

ላንቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

“እኔን ዋሸኸኝ። እኔን። ክዋርቴንግን እኔ ነኝ የሰደብኩት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አንተ እያወቅክ ዝም ብለህ አሰደብከኝ።”

“ያወቅኩት እዚያው ነው።”

“ሐኪም ዘንድ አለመሄድህንስ እዚያው ነው ያወቅከው?”

የትሮትሮው ረዳት ወደ ኋላ ዞሮ “ባልና ሚስት፣ ቤታችሁ ስትደርሱ ብትቀጥሉስ?” አለ።

“ወንድሜ ነው!”

“እግዚአብሔር ያጽናሽ” አለና ወደ መንገዱ ዞረ።

ግቢ ሲደርሱ አታ ኦካይ ሪንጉ ጥግ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ በዝምታ ገመድ ይዘላሉ። ከዕቃ ቤቱ የማሽኑ ማጉረምረም ከፍራሾቹ ጀርባ ይሰማል። ኮርኮር መነጽሩን ለቴይኮ ሰጠችና ወንድሟን ወደ ፊት ገፋችው።

“አታ” አለ ላንቴ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ማሽኑ ደህና ነው። ዓይኔ ነው። በግራ በኩል አያይም።”

አታ ኦካይ አልደነገጡም። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

“አውቃለሁ” አሉ።

ላንቴ ያልሰማ መሰለው። “ምን አሉ?”

“ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ። አገጭህን ወደ ግራ እያዞርክ ነው የምትቆመው። ሰላሳ ዓመት ቦክሰኛ ሳይ ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?”

“አውቀው ነው ውሉን ያስፈረሙኝ?”

“ድምፅህን።”

“አውቀው ነው ወይ፣ አታ?”

“ልጄ፣ ስማኝ። እኔም የመጨረሻዎቹን ግጥሚያዎቼን የተዋጋሁት በአንድ ዓይን ነው። ማንም አላወቀ። ሁለቱን አሸንፌአለሁ። ቀኝ እግርህን ወደ ፊት ካወጣህ፣ ሰውዬውን በቀኝህ በኩል ካቆየኸው ይቻላል። ያን ማሽን የፈቀድኩልህ ለምን ይመስልሃል? ለጨዋታ? ከጨለማው የሚወጣውን ሳታየው በእግርህ እንድታመልጠው ነው። ሌላ አንድ ሳምንት ብትቆይበት ትለምደው ነበር። ይሄ ጂም ቀበቶ ካየ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ አሥራ ስምንት ዓመት የለኝም።”

“የሐኪሙ ምርመራስ? ከግጥሚያው በፊት ሊመረምሩት አይደል?” አለች ኮርኮር።

“የዓይን መመርመሪያውን ፊደሎች በቃሉ ይይዛቸዋል። እኔም ይዣቸው ነበር።”

“ያ ዓይንስ የሚተርፍ ቢሆን?” አለች። “ዛሬ ቢታከም የሚድን ቢሆንስ? አንዲት ቡጢ ብቻ ቀርታው ቢሆንስ?”

“ሰው በአንድ ዓይንም ይኖራል። እኔ አለሁ አይደል? ምን ጎደለኝ?”

ኮርኮር ወደ እሳቸው ጎንበስ አለች። እንዲህ ያለ ቁጣ ላንቴ በእህቱ ፊት ላይ አይቶ አያውቅም፤ ድምፅዋ ግን እስትንፋስ ያህል ነበር።

“አታ፣ እርስዎ ውሃ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ ነው የሚያፈሱት። የግቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዳያፍሩ ብለን እየተሽቀዳደምን ቀድተን እንሰጥዎታለን። እሱ ነው የጎደለዎት።”

አታ ኦካይ ፊታቸው ቀልቶ ወደ ላንቴ ዞሩ። “ሴት ነገር ውስጥ አስገብተህ ነው እኔን የምታሰድበኝ? እጅህን ከጨበጥክበት ቀን ጀምሮ የሠራሁህ እኔ ነኝ። የአንተ አባት ሲጥልህ የት ነበርክ? እዚህ ሸራ ላይ ነው የተኛኸው። ግጥሚያውን ላዘጋጁት ሰዎች ምን ልበላቸው? ሸሸ ልበላቸው?”

ላንቴ ሲወዳቸው ኖሯል። እንደ እሳቸው ለመቆም፣ እንደ እሳቸው ፎጣ ለመጣል፣ እንደ እሳቸው ለመዝለፍ ሞክሯል። አሁን የእሳቸውን ግራ ዓይን አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩሮ አየው። ልክ እንደ ገበያ ዓሣ ዓይን ነው፤ ክፍት ሆኖ ምንም የማይጠብቅ። አምና ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው “ይድንልሃል” ሲሉት የነበሩት በዚህ ዓይን እያዩት ነው። ምን እንደሚመጣ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

“አልዋጋም” አለ።

አልጮኸም። ሹክ ግን አላለም፤ ሰው እንደ ማንኛውም ቀን እንደሚያወራው አወራ። እገዳ ባይኖር ማንም ልብ አይለውም ነበር። ገመድ የሚዘሉት ልጆች ቆሙ። ቴይኮ ከዕቃ ቤቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብቅ አለ።

“ቀስ በል” አሉ አታ ኦካይ፤ እጃቸውን ዘርግተው።

“አልዋጋም፣ አታ። ሸሸ ይበሏቸው። ዕውር ነው ይበሏቸው። የፈለጉትን ይበሏቸው፤ ፊደል ግን በቃሌ አልይዝም።”

“ውጣልኝ እንግዲያው። ከዚህ ግቢ ውጣልኝ።”

“እወጣለሁ።”

“ሳጥንህንም ይዘህ ውጣ።”

“እሱ የእህቴ ነው። ከእሷ ጋር ይነጋገሩ” አለና ወደ በሩ ሄደ። የበሩን ግራ መቃን በትከሻው ገጨው። ዞሮ አላየውም፤ ማንንም አልሰደበም።

ኮርኮር መንገድ ላይ ሮጣ ደረሰችበት። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ተበጥሶ በእጇ ይዛዋለች። ፀሐዩ ገና ከፍ አላለም፤ የሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ሰው የሚቀበልበት ሰዓት አላለፈም።

“አሁኑኑ ነው የምንሄደው” አለች። “ነገ የለም።”

“አሁን ነው የምሄደው አልኩሽ እንዴ? ቤት ገብቼ ልታጠብ።”

“ትታጠብና ትጠፋለህ። አውቅሃለሁ። ታክሲ አቁም።”

“በባዶ እግርሽ ነው ሆስፒታል የምትገቢው?”

“በባዶ እግሬ። ለሐኪሙም እነግረዋለሁ፣ እንዴት እንዳሮጥከኝ። መች ጀመረህ ሲልህ እውነቱን ትነግረዋለህ። ወር እንዳትቀንስ።”

“አልቀንስም።”

“ለእኔም ድኗል ብለኸኝ ነበር።”

“ኮርኮር፣ አልቀንስም ብያለሁ፤ ስንት ጊዜ ልበል?”

“እስካምንህ ድረስ በል” አለች፤ ከዚያ በግራው በኩል ይመጣ የነበረውን ታክሲ እሱ ሳያየው እጇን አንስታ አስቆመችው።